ሥዕሉ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? የዳ ቪንቺና የተርነር መንገድ

ሠዓሊ ብሩሹን መቼ ያስቀምጥ? ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሞና ሊዛን እ.ኤ.አ. በ1503 ገደማ ጀምሮ በ1519 እስኪሞት ድረስ ከእጁ አላወጣትም። ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ እየደረበ ስለሠራት፣ ከንፈሯ ጥግ ላይ ጥላው እንደ ጭስ ይሟሟል፤ መስመር ብትፈልጉ አታገኙም። ጥድፊያ የማይወድ ሥራ ነው።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር ግን በ1832 ለንደን ውስጥ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሲል፣ በሣለው ግራጫ ባሕር ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ጣል አደረገ፤ ኋላም ቅርጽ ሰጥቶ ተንሳፋፊ ምልክት አደረጋትና አበቃ። ያቺ ነጥብ አጠገቡ ከተሰቀለው የሌላው እንግሊዛዊ ሠዓሊ የኮንስታብል ደማቅ ሥዕል ዓይን ነጠቀች።

እኔ ለተርነር አደላለሁ። በተለይ በውኃ ቀለም የምትሠሩ በጊዜ አቁሙ፤ ቀለሙ አንዴ ከጨቀየ የወረቀቱ ብርሃን አይመለስም። በዘይት ቀለም የሰው ፊት ስትሥሉ ግን የሊዮናርዶን ትዕግሥት አትናቁ፤ ብቻ የታችኛው ድርብ በደንብ ይድረቅ።