ዘጠኝ ወር በጣና ላይ፦ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ጀልባዬ

ጀልባዋን ከነሞተሯ የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። ርዝመቷ 6 ሜትር የሆነ የፋይበርግላስ ጀልባ ስትሆን፣ ከኋላዋ የተንጠለጠለው ሞተር ጃፓን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎለት የሚሠራ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ አልፎ አልፎም እስከ ቁንዝላ ድረስ ሰውና የቡና ጆንያ ሳመላልስባት ቆይቻለሁ። በደብተሬ የመዘገብኩት የሥራ ሰዓት እስከ ትናንት 310 ደርሷል።

በመጀመሪያ ስለ ጉልበቱ ልናገር፤ ምክንያቱም ገዢ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሞተሩ ሽፋን ላይ የተጻፈው 40 የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጣና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር ደግሞ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት 3 ከመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የ40 ዋጋ ከፍዬ እዚህ የምጠቀመው በ33 ገደማ ነው። ብቻዬን ስሄድ ልዩነቱ አልታወቀኝም ነበር። ስድስት ሰው የጫንኩ ዕለት ግን ጀልባዋ ከውሃው ላይ ወጥታ በሆዷ መንሸራተት ሲገባት፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ጭራዋን ውሃ ውስጥ ቀብራ፣ እስከ ዘጌ ድረስ ማዕበል እየገፋች ሄደች። ቤንዚኑ ያለቀበት ፍጥነት እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሔው ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው ፕሮፔለሩን መቀየር ነው፤ አብሮት የመጣው በአንድ ዙር 13 ኢንች ወደፊት እንዲገፋ የተሠራ ስለነበር በ11 ኢንች ተካሁት፤ ሞተሩም ከጭነት ጋር በደቂቃ 400 ያህል ዙር ጨመረ፤ ጀልባዋም ከውሃው መውጣት ጀመረች። ሁለተኛው ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የካርቡሬተሩ ጉዳይ ነው። አየሩ ቀጭን በሆነበት ቤንዚኑ ስለሚበዛ፣ በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች በፈታኋቸው ቁጥር ጥቁርና እርጥብ ሆነው አገኛቸው ነበር። መካኒኬ የቤንዚኑን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ከለወጠልኝ ወዲህ ቀለማቸው ቡና ዓይነት ሆኗል። እግረ መንገዴን ላስታውስ፦ ይህን ሞተር ነገ ጋምቤላ ወርዶ ባሮ ላይ ሊሠራበት የሚገዛኝ ሰው ቢኖር የድሮውን ቀዳዳ ሳይመልስ እንዳያስነሳው፤ ቤንዚኑ አንሶት ፒስተኑ ይቃጠልበታል።

ሞተሩ ራሱ ጠንካራ ነው፤ ሁለት ጊዜ ገመዱን ስቤ ያልተነሳበትን ጠዋት አላስታውስም። ልቤን የሚያሳስበው ግን ማቀዝቀዣው ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ሲሆን፣ ውሃው ተዘዋውሮ መመለሱን የምታሳውቀው ከሽፋኑ ሥር በጎን በኩል የምትተፋ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነች የውሃ ክር ናት፤ መካኒኬ «ሽንቱ» ይላታል። በኅዳር አንድ ጠዋት ንፋስ የገፋው የእምቦጭ ምንጣፍ ዳር አቋርጬ ሳልፍ ያቺ ክር መጀመሪያ ቀጠነች፣ ቀጥላ ተቆራረጠች፣ በመጨረሻም እንፋሎት ብቻ ሆነች። ወዲያው አጥፍቼ ሞተሩን ከውሃ ሳነሳው፣ ውሃ መሳቢያው ወንፊት በእምቦጭ ሥር ልክ እንደ ጠጉር ተጠቅልሏል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ የሚቀረን ትዕግሥት ከቆላው ሰው ያንሳል። አሁን ጀልባዋን ስነዳ ዓይኔ ግማሹን ጊዜ ወደ ኋላ ነው።

ከዚህም ሌላ ደለል አለ። ከሰከላ የሚነሳው ግልገል አባይ ወደ ጣና በሚገባበት በኩል ወደ ቁንዝላ ስንሻገር ውሃው ድፍርስ ነው፤ ይህ አፈር የውሃ ፓምፑን ጎማ ይሞርደዋል። በ180ኛው ሰዓት ላይ ሲፈታ ከጎማው ምላሶች ሁለቱ ተቀድደው፣ የቀሩት ወደ አንድ ጎን ታጥፈው ቀርተዋል። መመሪያው ዓመት ሊያገለግል እንደሚችል ያመለክታል፤ እኔ ግን በየ150 ሰዓቱ እቀይረዋለሁ።

በግንቦት መጨረሻ የሐይቁ ውሃ ሲያንስ ድንጋይ ገጨሁ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ አትሄድም፤ ለካ በፕሮፔለሩ መሃል ያለው ጎማ ለቅቆ ኖሯል። ይህ ጎማ የተሠራው የውስጡን ጥርስ ለማዳን ራሱ እንዲለቅ ስለሆነ በአምራቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። በቀዘፋ ወደ ዳር ስቃረብ ታንኳቸውን ደንገሉ እንዲደርቅ ጎትተው ያወጡ አንድ አዛውንት አሳ አስጋሪ አዩኝና፣ «ልጄ፣ በዚህ ወር እዚህ ማን ይመጣል? በውስጥ ዙረህ ነው እንጂ» አሉኝ። እንዲህ ያለው ነገር በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም።

ቤንዚንን በሚመለከት፣ በመካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 12 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት እቀላቅላለሁ። የሚከብደው ዋጋው ብቻ አይደለም። በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ አለቀ የተባልኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀልለት ባለ አራት ምት ሞተር ቤንዚን እንደሚቆጥብ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ዕቃውም ባሕር ዳር ላይ በቀላሉ አይገኝም። የእኔን ግን አዲስ አበባ ደውዬ በሁለት ቀን አስመጣለታለሁ።

ዛሬ ብገዛ ይህንኑ እገዛ ነበር፤ ሻጩን ግን 11 ኢንቹን ፕሮፔለር ከመጀመሪያው እንዲያስገባልኝ እለምነው ነበር። ክረምቱ ስለገባ ጀልባዋን ነገ ከውሃ አወጣታለሁ። ከመቀመጫው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ሁለት የፓምፕ ጎማ፣ አራት ካንዴላ፣ አንድ ቁጥር 10 ቁልፍና የእምቦጭ ሥር መቁረጫ ማጭድ አለ።