ፍላሼና በጎኗ ያለችው ቁልፍ፦ ከአሥር ወር በኋላ

ፍላሿን የገዛኋት በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ነው፤ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ። 1 ጊጋባይት ትይዛለች። 220 ብር ከፈልኩባት። አሁን ነሐሴ ገብቷል። አሥር ወር ሙሉ ከኪሴ አልተለየችም። የአምራቹ ስም ላይዋ ላይ በቀለም የታተመ ስለነበር በሦስተኛው ወር ተፍቆ ጠፋ። ስለዚህ የምነግራችሁ ስለ ስሟ ሳይሆን ስለ አገልግሎቷ ነው።

ኑሮዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ማታ ያንኑ ዳገት እወጣለሁ። በዚያ ላይ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላት ስም፣ የወር መዋጮ፣ የድንኳንና የወንበር ቆጠራ፣ ለቀብር የወጣ ገንዘብ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው። ቤቴ ኮምፒዩተር የለም። እድሩም የለውም። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ እጽፋለሁ፣ ማታ ደሴ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማለሁ፣ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ። ፍላሿ በሳምንት ቢያንስ አራት የተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ትሰካለች። የአጠቃቀሜ ክብደት እዚህ ላይ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ለሚሰካ ሰው ከምለው ውስጥ ግማሹ ላያስፈልገው ይችላል።

ከእሷ በፊት በፍሎፒ፣ በድሮው ስስ ካሬ ዲስክ፣ ነበር የምሠራው። አንድ ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት ነው። አንድ ፎቶ እንኳ አልይዝ የሚልበት ጊዜ አለ። ደሴ ላይ የተጻፈውን ፍሎፒ ኮምቦልቻ ያለው ኮምፒዩተር አላነብም ይላል። አቧራ ከገባበት፣ ማግኔት ካለው ድምፅ ማጉያ አጠገብ ከተቀመጠ፣ አለቀ። ይህቺ ፍላሽ የ680 ያህል ፍሎፒ ሸክም ትሸከማለች፤ ክብደቷ ግን ከቤቴ ቁልፍ አይበልጥም። በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን አንድ ነገር ቶሎ ልመልስ። 1 ጊጋ ተብላ ተሸጣ ኮምፒዩተሩ ላይ 953 ሜጋባይት ብቻ ስታሳይ የተጭበረበሩ የሚመስላቸው አሉ። አልተጭበረበሩም። አምራቹ በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፤ ኮምፒዩተሩ በ1,024። ልዩነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ፍጥነቷ በኮምፒዩተሩ ይወሰናል። ቢሮ ያለው አዲሱ ማሽን ላይ 100 ሜጋባይት ለመቅዳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባትም። አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ስገባ ግን ያንኑ ለመቅዳት ሁለት ደቂቃ አልፎ ይሄዳል። የድሮው የዩኤስቢ መሰኪያ በሰከንድ 12 ሜጋቢት (ስምንቱ ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) ነው የሚያሳልፈው፤ ሁለተኛው ትውልድ እስከ 480። ስለዚህ ፍላሿ ቀርፋፋ ናት ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ሌላ ማሽን ላይ ሞክሯት። ከፊት ያለው መሰኪያ አልቀበል ሲላትም ከኋላ ሰክታችሁ እዩ። የፊቱ በየቀኑ ስለሚነቀልና ስለሚሰካ ቶሎ ይላላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በጥር ወር የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ እሑድ ሊሆን፣ ሐሙስ ማታ የመዋጮውን ዝርዝር ላሳትም ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። አሳተምኩ፣ ነቀልኩ፣ ወጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳየው ሁለት ስሞች ተሳስተዋል። አርብ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ፍላሿን ሰካሁ። «እድር» የሚለውን ፎልደር ሁለቴ ተጫንኩት። ሳይከፈት ቀረ። ደግሜ ተጫንኩ። ሌሎቹንም ሞከርኩ። ሁሉም ቢጫ የፎልደር ምልክታቸው እንዳለ ነው፤ ውስጣቸው ግን የለም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የቢሮው ኮምፒዩተር ራሱ መንቀርፈፍ ጀመረ።

ደነገጥኩ። የ186 አባላት የስድስት ወር ሒሳብ ነው። የወረቀት መዝገብ አለን፤ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ገና አልገለበጥኩበትም ነበር። ለእድሩ ዳኛ ስልክ ደወልኩ። «ጋሼ፣ የመዋጮው ዝርዝር ከኮምፒዩተር ላይ ጠፋብኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «አብሽር ልጄ። ሰው አልሞተብን። ደረሰኙ አለ፤ ቁጭ ብለን እንደገና እንጽፈዋለን» አሉኝ። እሳቸው እንዲያ ሲሉኝ ይባስ ከበደኝ። የሰው ገንዘብ ነው። ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ነው።

ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ባልደረባ አለን። መጥቶ አየውና «ፎልደሮችህ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል» አለኝ። ከዚያ ያሳየኝን እንደወረደ ልንገራችሁ፤ ለብዙ ሰው ይጠቅማልና።

ይህ ዓይነቱ ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቀዋል። በምትኩ ተመሳሳይ ስምና ተመሳሳይ ምልክት ያለው ፕሮግራም ያስቀምጣል። እኛ ፎልደር የከፈትን መስሎን ስንጫነው ቫይረሱን በገዛ እጃችን እናስነሳዋለን። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ደግሞ ፍላሽ ሲሰካ «አውቶራን» የሚባል ትንሽ ፋይል ፕሮግራሙን ያለ እኛ ፈቃድ ሊያስነሳው ይችላል። በኅዳር 2001 ዓ.ም. ብቅ ያለው ኮንፊከር የሚባለው ቫይረስም ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ፍላሽ ነው።

ፋይሎቹን ያገኘልኝ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቢሮውን ኮምፒዩተር በአንቲቫይረስ አጸዳው። ቀጥሎ «ቱልስ» ውስጥ «ፎልደር ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፈተ። እዚያ ሦስት ነገር ቀየረ። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አደረገ። የሲስተም ፋይሎችን ከሚደብቀው ሳጥን ላይ ምልክቱን አነሳ፤ ይህኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከዚያም ፋይሌ የለም ብሎ ፎርማት ያደርጋል፣ ማለትም ፍላሹን ባዶ ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያለው ቅጥያ እንዲታይ አደረገ። ያን ጊዜ «እድር» ሁለት ሆኖ ወጣ። አንዱ ፈዘዝ ያለ፣ እውነተኛው። ሌላው መጨረሻው «ኢኤክስኢ» የሚል፣ ማለትም ፕሮግራም የሆነው፣ አስመሳዩ። አስመሳዩን አጠፋው። እውነተኛውን ስከፍተው 186ቱም ስም አለ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ለጋሼ ደወልኩ።

ባልደረባዬ ፍላሿን ነቅሎ አገላበጣትና «ይቺ ቁልፍ አላትኮ፤ ለምን አትቆልፋትም?» አለኝ።

በጎኗ ላይ በጥፍር የምትገፋ ትንሽ ቁልፍ አለች። ለሦስት ወር ያህል አይቻታለሁ፤ ምን እንደምትሠራ ግን ጠይቄ አላውቅም። የሸጠልኝም ልጅ አልነገረኝም። ቁልፏ ወደ አንድ ወገን ስትገፋ ፍላሿ ይነበባል እንጂ አይጻፍባትም። ከውስጧ ማተም፣ ማየት፣ መቅዳት ይቻላል። ወደ ውስጧ ግን ምንም ነገር አይገባም። ቫይረስም አይገባም፤ ምክንያቱም ቫይረስ የሚገባው ተጽፎ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቤ አንድ ነው። ከቢሮ ስወጣ እቆልፋታለሁ። የምከፍታት ቢሮ ተመልሼ ብቻ ነው። ቃል አክብሬ ሰባት ወር ያዝኩት፤ በሰባት ወር ውስጥ አንድም ቫይረስ አልገባባትም። በየሳምንቱ የምሄድበት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው እህት ራሷ «ያንተ ብቻ ነው በአንቲቫይረስ ስካን ሳላደርግ የምቀበለው» ብላኛለች።

ችግሩ ምን እንደሆነ ደግሞ ልናገር። ወርድ የሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም የተቆለፈ ፍላሽ ላይ ያለ ጽሑፍ ሲከፍት «ሪድ ኦንሊ» (ለማንበብ ብቻ) ይላል። ማተም ትችላለህ፤ እዚያው አርመህ እዚያው ማስቀመጥ ግን አትችልም። ስህተት ካየሁ ወደ ኮምፒዩተሩ ዴስክቶፕ ገልብጬ፣ አርሜ፣ አትሜ፣ ስጨርስ ከዴስክቶፑ አጠፋዋለሁ። ማጥፋቱን አትርሱት፤ የሰው ሒሳብ በሰው ኮምፒዩተር ላይ ትቶ መሄድ ተገቢ አይደለም። የጠፋ ፋይል የሚጠራቀምበትን ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉት።

ቁልፍ የሌለው ፍላሽ ላላችሁም መፍትሔ አለ፤ ያን ያህል ግን አስተማማኝ አይደለም። ስትሰኩ «ሺፍት» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፣ አውቶራን አይነሳም። ከዚያ ማይ ኮምፒዩተር ውስጥ ምልክቱን ሁለቴ አትጫኑ። በላይኛው የአድራሻ መስመር ላይ የድራይቩን ፊደልና ሁለት ነጥብ ጽፋችሁ ግቡ። የቢሮ ወይም የቤት ኮምፒዩተራችሁ ኢንተርኔት ከሌለው ደግሞ የአንቲቫይረሱን ማደሻ ፋይል ኢንተርኔት ቤት አውርዳችሁ በፍላሽ ውሰዱለት። ያልታደሰ አንቲቫይረስ አዲሱን ቫይረስ አያውቀውም።

የአማርኛ ፊደል ነገር ሌላው ራስ ምታት ነው። ቢሮ በአማርኛ የጻፍኩት ዝርዝር ደሴ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ነገር ሆኖ ወጥቶ ያውቃል። ጽሑፉ አልተበላሸም። የቆዩት የአማርኛ ፊደሎች (ፎንቶች) የተሠሩት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው። ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሲሄዱ ላቲኑ ይወጣል። በዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ አሠራር፣ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይደረደራል፤ እሱም ፊደሉ የለም ማለት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን የራሱ የአማርኛ ፊደል ይዞ አልመጣም። ከእሱ በኋላ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ነው ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው። ስለዚህ እኔ ፍላሿ ላይ «ፊደል» የሚል ፎልደር አለኝ። የምጠቀምባቸው ፊደሎች በሙሉ እዚያ አሉ። የትም ስሄድ ባለቤቱን አስፈቅጄ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የፎንት ፎልደር ላይ እገለብጣቸዋለሁ። ፍላሿ ተቆልፋም ይህ ይሠራል። ሌላው፣ ጽሑፋችሁን በ2007ቱ (እ.ኤ.አ.) ወርድ ከጻፋችሁ «97-2003» በሚለው ዓይነት አስቀምጡት። አሮጌው ወርድ ያለበት ቤት ሄዳችሁ አልከፍትም እንዳይላችሁ።

አካሏስ? ክዳኗ በሁለተኛው ወር ጠፋ። ሚኒባስ ውስጥ ይመስለኛል የወደቀው። ከዚያ ወዲህ ክረምት ክረምት ጋቢ ስለምለብስ የጋቢው ክር አፏ ውስጥ ይገባል። ከመሰካቴ በፊት እፍ እላታለሁ። የአንገት ማሰሪያዋ የምትገባበት ቀዳዳ በግንቦት ተሰነጠቀ፤ አሁን በቁልፍ መያዣ ቀለበት ሳይሆን በትንሽ የኪስ ቦርሳ ነው የምይዛት። አንድ ጊዜ ሱሪ ኪስ ውስጥ ረስቻት ታጠበች። ባለቤቴ ከመዘፍዘፊያው ውስጥ አውጥታ ስትሰጠኝ ልቤ ቀጥ አለ። አልሰካኋትም። ውሃውን አራግፌ አራት ቀን ሙሉ ደረቅ ቦታ አስቀመጥኳት። በአምስተኛው ቀን ስሰካት ምንም ሳይጎድል ከፈተች። እርጥብ እያለች ብሰካት ኖሮ ኤሌክትሪኩ ሊያቃጥላት ይችል ነበር። ከረጠበባችሁ ችኮላችሁን ያዙ።

መብራቷም ጥሩ ነገር ናት። ስትጽፍና ስታነብ ብልጭ ብልጭ ትላለች። መብራቷ ሳትቆም መንቀል የሚጻፈውን ፋይል ያበላሻል። መጀመሪያ ከስክሪኑ ታች በቀኝ ካለችው ምልክት ላይ አሰናብቷት፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ እንዲለቃት አድርጉ፣ ከዚያ ንቀሉ። የኤሌክትሪክ መብራት ድንገት በሚጠፋበት ቀን ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ክረምት ላይ ዝርዝሩን ኮምፒዩተሩ ላይ ጽፌ ስጨርስ ነው ወደ ፍላሿ የምገለብጠው። በቀጥታ ፍላሽ ላይ አልጽፍም። የእድሩን ሒሳብ ደግሞ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን በወረቀት አሳትሜ ከጋሼ ቤት አስቀምጣለሁ። ከጥር በኋላ ይህን አላስተጓጎልኩም።

በአሥር ወር ውስጥ ያየሁባት ትልቁ ጉድለት እዚያችው ቁልፍ ላይ ነው። ላልታለች። ከሰኔ ወዲህ ኪስ ውስጥ ስትታሽ በራሷ ተንሸራታ ትከፈታለች። ሁለት ጊዜ ደሴ ደርሼ ተከፍታ አግኝቻታለሁ። አሁን ከመሰካቴ በፊት በዓይኔ ሳላያት አልሰካም። በቀጭን ፕላስተርም አጣብቄያታለሁ፤ ለጊዜው ይዟል።

አንድ ሰው ምን ልግዛ ቢለኝ ስለ ጊጋባይቱ አልጠይቀውም። ለጽሑፍ 1 ጊጋ በቂ ነው፤ እኔ በአሥር ወር ሩብዋን አልሞላሁም። ቁልፍ አላት ወይ ብሎ ይጠይቅ። ባለፈው ሳምንት ለእድሩ ሁለተኛ መጠባበቂያ ልግዛ ብዬ ፒያሳና ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ሦስት ሱቅ ገባሁ። ሁሉም ጋ 2 ጊጋ አለ፤ 4 ጊጋም አለ። ቁልፍ ያለው ግን አንዳቸውም ጋ የለም። አንደኛው ልጅ «ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ቆሜ ነገርኩት። ሰኞ ዕቃ ሲያመጣ ፈልጎ እንደሚይዝልኝ ቃል ገብቶልኛል። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ሱቁ ጎራ እላለሁ።