ትንሹ የሶላር ኪት ከወራት በኋላ፦ ባትሪው ጎበዝ፣ ሶኬቱ ሰነፍ

ይህን የሶላር ኪት ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። ዝናቡንም ሐሩሩንም አብረን አይተናል፤ አሁን ስለእሱ አፍ ሞልቶ ማውራት ይቻላል።

ካርቶኑ ውስጥ ባለ 20 ዋት ፓኔል፣ 12.8 ቮልት 6 አምፒር-ሰዓት ባትሪ፣ ሦስት አምፖልና ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለ። ባትሪው ሊትየም አይረን ፎስፌት ነው። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ሊድ አሲድ፣ ማለትም የመኪና ባትሪ ዓይነቱ፣ በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ይሄኛው ዓይነት ግን ከ2000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ማለቅን ይችላል።

ሂሳቡን እንሥራው። ባትሪው ሲሞላ 77 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ባለ 1 ዋት ዕቃ 77 ሰዓት የሚያሠራ ጉልበት ማለት ነው። ባለ 3 ዋት ሁለት አምፖል አምስት ሰዓት ቢበራ 30 ይወስዳል። አንድ ስማርት ስልክ ከዜሮ እስኪሞላ፣ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 20 ገደማ ይበላል። ሁለት ስልክ ከተሰካ አለቀ። ጎረቤት «እስቲ ይቺንም ሰካልኝ» ካለ አንዱ አምፖል ይጠፋል። እምቢ አይባል ነገር! አምራቹ ጎረቤትን ሂሳብ ውስጥ አላስገባም።

ፓኔሉ 20 ዋት ይባል እንጂ 20 ሰጥቶኝ አያውቅም። ቁጥሩ የተለካው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፦ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት የፓኔሉ ሴሎች 25 ዲግሪ ሆነው፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍባቸው። ቆርቆሮ ላይ በቀትር ፓኔሉ እጅ ያቃጥላል። ሲግል ደግሞ ጉልበቱ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በእንጨት ከፍ አድርገን ነፋስ በሥሩ ሲያልፍ ተሻለው። ጥላም አይወድም፤ ሴሎቹ ተያይዘው ስለሚሠሩ ጥግ ላይ ያረፈች የቅርንጫፍ ጥላ ሌላውንም ታደክማለች።

የቻርጅ ማሳያዎቹን አትመኑ። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ሊያልቅ እስኪቃረብ ብዙም አይወርድም፤ ማሳያው ደግሞ የሚያነበው ቮልቴጁን ነው። ሦስት መብራት እያሳየ ቆይቶ ድንገት ድርግም ይላል።

ዋናው ቅሬታዬ ሶኬቱ ነው። የአምፖሉ ገመድ ጫፍ ለዚህ ኪት ብቻ የተሠራ ክብ ፕላስቲክ ነው። ልጆች ሳብ ሳብ ሲያደርጉት ላላ። ከዚያ ወዲህ አምፖሉ የሚበራው ገመዱን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጎ የያዘው ሰው ካለ ብቻ ሆነ። መለዋወጫ ስጠይቅ ሻጩ «ሙሉ ኪት ግዛ» አለኝ። ባትሪው ገና ዓመታት እየቀሩት፣ ለአንዲት ፕላስቲክ! ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ ቆርጦ ገበያ ላይ በሚገኝ ሶኬት ቀየረልኝ። ዋስትናውም አብሮ ተቆረጠ።

ልትገዙ ካሰባችሁ ቬራሶል ያረጋገጣቸውን ምርቶች ዝርዝር እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ላይቲንግ ግሎባል የተባለው የዓለም ባንክ ቡድን ፕሮግራም ይሠራው የነበረውን የጥራት ምርመራ የተረከበው እሱ ነው። ከዚያ ሶኬቱን በእጃችሁ ነካክታችሁ ፈትሹ። እኔ ዳግም ብገዛ ያንኑ ባትሪ ከባለ 40 ዋት ፓኔል ጋር እወስዳለሁ። ደመናው ቀናት ሲከታተል 20 ዋቱ ስልክ እንጂ አምፖል አይችልም።