የነገው ዓለም በስንት ዶላር? የካሊፎርኒያው ወይስ የፍሎሪዳው ቱሞሮውላንድ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ስልኬ አያርፍም። «ልጄ ሮኬት ሮኬት እያለ ፋታ ነሳኝ፤ የትኛው ዲዝኒ ልውሰደው?» ነው ጥያቄው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ልጃችሁ የሚፈልገው ልዕልትና ቤተ መንግሥት ከሆነ ወደሚቀርባችሁ ሂዱ። በሁለቱም ፓርክ ውስጥ ላለው፣ የወደፊቱን ዘመን ያሳያል ለሚባለው ሰፈር ለቱሞሮውላንድ ብላችሁ ከሆነ ግን ፍሎሪዳ ሂዱ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁማ የሚቀርባችሁም እሱ ነው። የሎስ አንጀለስ ሰዎች እንደምትቀየሙኝ አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ከታች አንብባችሁ ፍረዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ብሩን እንነጋገር። ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ ያለው ዲዝኒላንድ የአንድ ቀን ቲኬቱ እንደ ቀኑ ይለያያል። በጣም ርካሹ 104 ዶላር ነው፤ በዓል ሲደራረብ ከ200 ያልፋል። 104 የምትለዋ ዋጋ ማስታወቂያ ላይ ታምራለች እንጂ የምትገኘው ልጆች ትምህርት ቤት በሚሆኑባቸው ጥቂት የሥራ ቀናት ነው። የፍሎሪዳው የዲዝኒ ፓርክ ማጂክ ኪንግደም እሷንም አያውቃትም። እዚያ ርካሽ የሚባለው ቀን ራሱ ከዚያ በላይ ነው፤ ውዱ ደግሞ እሱም 200ን ተሻግሯል። በሁለቱም ቦታ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በነጻ ይገባል። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ላለው የሚቀነሰው ጥቂት ዶላር ነው፤ «የልጅ ዋጋ» ሲባል ግማሽ እንዳይመስላችሁ። ፓርኪንግም ለብቻው ይከፈላል፤ አናሃይም ይብሳል። ዲዝኒላንድ በ1955 ሲከፈት አዋቂ በአንድ ዶላር ይገባ ነበር፤ መጫወቻው ለብቻው ይከፈል እንጂ።

እንግዲህ ቲኬቱ ብቻ ከታየ ካሊፎርኒያ ያሸንፋል። እኔ ግን ለከፈልኩት ምን አየሁ ነው የምለው።

የካሊፎርኒያው ቱሞሮውላንድ 1955 ላይ ሲከፈት ያሳያል የተባለው 1986ን ነበር። ገንዘቡም ጊዜውም ስላለቀ ባዶውን ቦታ የኩባንያ ኤግዚቢሽን ሞላው፤ የአሉሚኒየም፣ የኬሚካል፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ሳይቀር። ሕልሙ መልክ የያዘው በ1967 ነው። ዋልት ዲዝኒ ከሞተ ወራት በኋላ ሰፈሩ እንደ አዲስ ተሠርቶ ተከፈተ። የዚያ ጊዜ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሁሉም ነገር ይንቀሳቀስ፣ ሰው በእግሩ ሳይደክም ከላይ ከላይ እየተንሸራሸረ ከተማውን ይይ። ለዚህ የተሠራው ፒፕልሙቨር የሚባለው ባቡር ነው፤ ለእኔ የቱሞሮውላንድ ልብ እሱ ነው።

አሁን ካሊፎርኒያ ሄዳችሁ ቀና ብትሉ የዚህን ባቡር ሐዲድ ታያላችሁ። ባቡሩ ግን የለም። 1995 ላይ ተዘጋ። በ1998 በዚያው ሐዲድ ላይ ሮኬት ሮድስ የሚባል ፈጣን መኪና አስገቡበት። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሐዲዱ ለቀስታ ጉዞ የተሠራ ስለሆነ መታጠፊያው ላይ ወደ ጎን ያዘመመ አይደለም። ስለዚህ መኪናው ቀጥታው ላይ ይፈተለካል፣ መታጠፊያ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፣ እንደገና ይፈተለካል። ጎማ ያልቃል፣ ብልሽት በብልሽት ይሆናል። በ2000 ቆመ፤ አልተመለሰም። መካኒክ የሆነ ዘመዴ ይህን ስነግረው «የጋሪ መንገድ ላይ ፌራሪ!» ብሎ ነው የሳቀው። ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ አልተነሣም፣ አልተጠገነም፣ በሰው አናት ላይ ባዶውን ቆሟል። የነገውን ዓለም ላሳይ ብለህ አምጥተኸው ልጅህ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲልህ ምን ትለዋለህ?

ፍሎሪዳ ያለው ፒፕልሙቨር ግን ከ1975 ጀምሮ ይሠራል። ሌላ ክፍያ የለውም፤ ሰልፉም ብዙ ጊዜ አጭር ነው። በሚንቀሳቀስ መወጣጫ ወደ ላይ ትወጣላችሁ፣ ሳይቆም ቀስ የሚለው ባቡር ላይ ትቀመጣላችሁ። ባቡሩ ላይ ሞተር የለም፤ የሚገፋው ሐዲዱ ውስጥ ያለው ማግኔት ነው፤ ድምፁም አይሰማም። አሥር ደቂቃ ያህል ያዞራችኋል። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ሮለርኮስተር ያለበት ሕንፃ ውስጥ በጨለማው መሐል አልፎ የሮለርኮስተሩን ሰዎች ጩኸት ያሰማችኋል። በመስኮት በኩልም አንድ ሞዴል ከተማ ይታያል፤ ዋልት ዲዝኒ ሰው ይኖርባታል ብሎ ያሰባት፣ ሳትሠራ የቀረችው ከተማ ናት። እሱን እንዳያመልጣችሁ፤ አብዛኛው ሰው ስልኩን እያየ ያልፈዋል። ሂውስተን ኤርፖርት ከተርሚናል ተርሚናል የሚያመላልሰው የምድር ውስጥ ባቡርም በዚሁ ቴክኖሎጂ በ1981 የተሠራ ነው።

ካሩሰል ኦፍ ፕሮግረስም ያለው ፍሎሪዳ ነው። ለ1964ቱ የኒውዮርክ ኤግዚቢሽን የተሠራ ቲያትር ነው፤ መድረኩ ቆሞ ተመልካቹ ከነወንበሩ ይዞራል። የመጨረሻው ትዕይንት የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አያትየዋ የቪአር መነጽር አድርጋ ስትጫወት፣ ሰው የሚያዘው ምድጃ የበዓሉን ተርኪ ያሳርረዋል። ያኔ ቀልድ ነበር፤ ዛሬ የአንዳንዶቻችን ማድቤት ነው። ከኤሲው ጋር 20 ደቂቃ ማረፊያ ስለሆነ ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ፍሎሪዳም እንከን አለበት። ስፔስ ማውንቴኑ ያንገጫግጫል፤ አንድ አንድ ሰው ተከታትሎ ነው የሚቀመጠው፣ ሙዚቃም የለውም። የካሊፎርኒያው ሐዲዱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስለታደሰ ይለሰልሳል፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ከሙዚቃ ጋር ትሄዳላችሁ። እዚህ ላይ ካሊፎርኒያ በግልጽ ይበልጣል። ሁለቱም ቦታ ደግሞ ሳይንሱን ለካርቱን ለቀውታል፤ የቶይ ስቶሪ ካርቱኑ በዝ ላይትይር ሁለቱም ጋ አለ። የልጆች መኪና መንጃውም እንዲሁ። ኢትዮጵያ በ2024 የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስትከለክል የነገው ዓለም ልጆች ገና የቤንዚን ጭስ እያሸተቱ ይነዱ ነበር! የካሊፎርኒያው በ2026 መጸው ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚቀየር ተነግሯል።

ቲኬት ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ቲኬት በስም ነው፤ አንዴ ከተገባበት ለሌላ ሰው አይተላለፍም። አንዲት ጓደኛዬ ግን «የአምስት ቀን ቲኬት ነው፣ ሁለት ቀን ቀርቶታል» ብሎ ከሚሸጥ ሰው ገዝታ በር ላይ ተመለሰች። ሻጩ ወዲያው ብሎክ አድርጓታል። ልጆቹ ጋሪ ውስጥ ሆነው፣ እሷ በሙሉ ዋጋ እንደገና ከፈለች። ከፓርኩ ወይም ፓርኩ ራሱ ከሚያውቀው ሻጭ ውጭ አትግዙ፤ ከዋጋው ግማሹን የሚቀንስ ሰው ሁሉ ሊበላችሁ ነው። ከበር ውጭ የሚሸጠው መብራት ያለው ፎርጅድ የሚኪ ማውስ ጆሮም ያው ነው፤ ባትሪው እስከ ማታው ርችት አይቆይም።

ምግብ ይዛችሁ ግቡ፤ ሁለቱም ይፈቅዳሉ። ጠርሙስና የሚሞቅ ነገር አይሁን እንጂ ዳቦ ቆሎ፣ ሳንድዊች፣ ፍራፍሬ ምንም አይሉም። ለአራት ሰው ምሳ እዚያ ብትገዙ የሚወጣውን አትጠይቁኝ።

ቁመትም ከቤት ለኩ። ስፔስ ማውንቴን ካሊፎርኒያ 102 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃል፣ ፍሎሪዳ 112። በ2023 ፍሎሪዳ የተከፈተው፣ ሞተር ሳይክል ላይ እንደተቀመጡ አጎንብሶ የሚኬድበት ትሮን ደግሞ 122። ሰልፉን ለመዝለል ለብቻው ያስከፍላል፤ ከታገሣችሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተሰልፋችሁ ትገባላችሁ። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ራይደር ስዊች ብላችሁ ጠይቁ፦ አንዳችሁ ልጁን ይዞ ይጠብቃል፣ በኋላ ሳይሰለፍ ይገባል፤ እሱም በነጻ ነው። ልጃችሁ 122 ካልሞላ ግን የትሮንን ቪዲዮ ከመሄዳችሁ በፊት አታሳዩት።