የኸርማን ቫይል «ሕዋ፣ ጊዜ፣ ቁስ»፦ ስለ መለኪያ ነፃነት ለሚያጠና ሰው

የርዝመት መለኪያችንን በየቦታው እንደ ፈቀድን ብንቀያይር የተፈጥሮ ሕግ መልኩን መለወጥ የለበትም የሚሉትን የስበት የጌጅ ንድፈ ሐሳቦች ከምንጫቸው ማጥናት ለሚሻ ሰው ይህን መጽሐፍ ያለማመንታት እመክራለሁ። ሥራው የሒሳብ ሊቁ ቫይል እ.ኤ.አ. በ1917 በዙሪክ ከሰጠው ትምህርት ተነሥቶ በ1918 በጀርመንኛ ታተመ። እኔ ያነበብሁት ሄንሪ ብሮዝ ከአራተኛው እትም ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውንና ዶቨር በ1952 በድጋሚ ያሳተመውን ቅጂ ነው።

ከአራቱ ምዕራፎች የመጀመሪያውና ሦስተኛው ጥሩ ቢሆኑም ይዘታቸው ዛሬ በሌሎች መማሪያዎች በቀለለ መንገድ ይገኛል። የመጽሐፉ ዋጋ ያለው በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻና በአራተኛው የመዝጊያ ክፍሎች ነው። የተጠማዘዘ ሕዋን በሚገልጸው በሪማን ጂኦሜትሪ አንድ ቬክተር (ርዝመትና አቅጣጫ ያለው ቀስት) በተጠማዘዘ ሕዋ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ አቅጣጫው ሊለወጥ ይችላል፤ ርዝመቱ ግን እንደ ነበረ ይቆያል። ቫይል ታዲያ አቅጣጫን ከሩቅ ሆኖ ማነጻጸር ካልተቻለ ርዝመት ለምን ብቻውን ይህን መብት ያገኛል ብሎ ይጠይቃል። ጨርቅ በክንድ የሚለካበትን ገበያ ያየ ሰው ጥያቄው አይከብደውም፤ የአንዱ ነጋዴ ክንድ ከሌላው ይረዝማል፣ ሆኖም ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው። እያንዳንዱ የሕዋና የጊዜ ነጥብ የራሱ ክንድ እንዲኖረው ከፈቀድን፣ የአንዱን ክንድ ከጎረቤቱ ጋር የሚያስታርቅ አራት ክፍሎች ያሉት መስክ የግድ ያስፈልጋል፤ ቫይልም ይህ መስክ የኤሌክትሮማግኔቲዝም መስክ ራሱ ነው ብሎ አመነ። ይህን እርምጃ በእርሱ በራሱ ቃል መከተል በየትኛውም ዘመናዊ ማጠቃለያ ያላገኘሁት ደስታ ነው።

አይንስታይን ግን በዚያው በ1918 ከባድ ተቃውሞ አቀረበ። ርዝመት በተጓዘበት መንገድ የሚለወጥ ከሆነ የጊዜ መለኪያም እንዲሁ ይለወጣል፤ የሰዓት ፍጥነት ባለፈበት መንገድ የሚወሰን ከሆነ ደግሞ፣ የተለያየ ታሪክ ያላቸው ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች አንድ ዓይነት የስፔክትረም መስመር (አቶሙ የሚያወጣውን የተወሰነ የብርሃን ቀለም) ሊሰጡ አይችሉም፤ የምናየው ግን መስመሮቹ ጥርት ያሉና በየትም ቦታ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ነው። ቫይል በአራተኛው እትም የሰጠው መልስ፣ አንድ መጠን ሳይለወጥ የሚቆየው ወይ የጥንቱን ይዞ በመጽናት፣ ወይም በአካባቢው ካለ ነገር ጋር ዘወትር ራሱን በማስተካከል ነው፤ አቶምም ከሁለተኛው ወገን ነው የሚል ነው። ልዩነቱ የኮምፓስ መርፌና በፍጥነት የሚሽከረከር አካል ዘንግ አቅጣጫቸውን በሚይዙበት መንገድ መካከል እንዳለው ነው፤ ዘንጉ የጥንቱን ይዞ ይጸናል፣ መርፌው ግን ከአካባቢው ጋር ራሱን ያስተካክላል። መልሱ ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን አቶሙ በምን ስልት ራሱን እንደሚያስተካክል ስለማይነግረን እንደ ሙሉ መልስ ልቀበለው አልቻልሁም።

መጽሐፉ ከኳንተም መካኒክስ በፊት የተጻፈ በመሆኑ፣ የፊዚክስ ሊቁ ፍሪትዝ ሎንዶን በ1927፣ ቫይልም በ1929 የጌጅን ሐሳብ ከርዝመት ወደ ሞገድ ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበት ደረጃ) ያሸጋገሩበትን ታሪክ አንባቢው ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኡቲያማ በ1956ና ኪብል በ1961 ስበትን ራሱን እንደ ጌጅ መስክ ያዋቀሩበት ሥራም እንዲሁ። የብሮዝ እንግሊዝኛ አረፍተ ነገሮች ይረዝማሉ፤ የቴንሰር (የቬክተርን ሐሳብ የሚያሰፋ የሒሳብ መሣሪያ) አጻጻፉም ያረጀ ነው። ይህ ሁሉ ያደክማል እንጂ አያሳስትም።

የተሟላ ንባብ የሚፈልግ ሰው የአራተኛውን ምዕራፍ መዝጊያ ካነበበ በኋላ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ላሰንቢና ሆብሰን በ2016 ስለ መለኪያ ነፃነት ያወጡትን ጽሑፍ፣ ቀጥሎም ሁለቱ በ2020 ያሳተሙትን ያንብብ። በኋለኛው የቫይል የጌጅ ንድፈ ሐሳቦች አይንስታይን የፈራውን የሰዓት መዛባት እንደማይተነብዩ ይከራከራሉ። በእንዲህ ያለ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ የአካላት መጠነ ቁስ (ማስ) ከስካላር መስክ (በየነጥቡ አንድ ቁጥር ብቻ ካለው፣ አቅጣጫ ከሌለው መስክ) ጋር ካለው ግንኙነት መመንጨት ስላለበት፣ ቫይል ስም ብቻ ሰጥቶት ያለፈው ማስተካከል እዚህ ላይ ስልት ያገኛል።