ሜካኖ ከመስከረም እስከ ዛሬ፦ ያገለገለ ሳጥን ገዝቼ ያየሁት

ፍርዴን ላስቀድም፦ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሊቨርፑል የተሠራ ያገለገለ የሜካኖ ሳጥን ከነናስ ጊሮቹ ካገኛችሁ ግዙት። ሜካኖ ቀዳዳ ያላቸውን ስስ ብረቶች በብሎንና በዳዶ እያያያዙ ሞዴል የሚሠሩበት ዕቃ ነው። እኔ የገዛሁት ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ያለው መካከለኛ ሳጥን ነው፤ እዚሁ እንግሊዝ አገር ካለ ሌላ ሞዴል ሠሪ በ120 ፓውንድ ወሰድኩት። ካለፈው መስከረም ወዲህ ብሎን ሳላጠብቅበት ያለፈ ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። የሠራሁትን የወደብ ክሬንም በሰፈራችን አዳራሽ በተዘጋጀ ዐውደ ርዕይ አሳይቼበታለሁ።

የዚህ ዕቃ ጉልበቱ ልኩ ላይ ነው። የሜካኖ ፈጣሪ ፍራንክ ሆርንቢ ፓተንቱን በ1901 ሲያወጣ የጀመረው የግማሽ ኢንች ርቀት፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ እንዳለ ቆይቷል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ በኒኬል የተለበጡ ብረቶች አግኝቼ ከእኔው ቢጫ ብረት ጋር አጋጠምኳቸው፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ ዝንፍ አላሉም። በመካከላቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ።

ልኩ በይበልጥ የሚጠቅመው ግን ካምቢዮ ስትሠሩ ነው። ባለ 57 ጥርስ ጊር ከባለ 19 ጥርስ ፒኞን (ትንሽ ጊር) ጋር ሲናከስ በሻፍቶቹ መሐል ያለው ርቀት ልክ አንድ ኢንች፣ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ዙሩን በሦስት ያካፍላል። ባለ 95 ጥርሱ ሦስት ቀዳዳ ላይ በአምስት፣ ባለ 133 ጥርሱ አራት ቀዳዳ ላይ በሰባት ያካፍላል። ወረቀትና እርሳስ ሳትይዙ ቀዳዳ እየቆጠራችሁ ትገጥማላችሁ። በ1934 ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዳግላስ ሃርትሪና ተማሪው አርተር ፖርተር ዲፈረንሻል እኩልታ (የለውጥ ፍጥነትን የሚያሰላ ሒሳብ) የሚፈታ ማሽን ከሜካኖ የገጣጠሙት እንዲህ ያለ ዕቃ ስለሆነ ነው። የልጅ መጫወቻ ነው ለሚሉኝ ዘመዶቼ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ይህንን ማሽን ነው።

ቤት ውስጥ ሞዴል ለጥቂት ደቂቃ አሽከርክራችሁ ታጠፉታላችሁ። ዐውደ ርዕይ ላይ ግን በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ መሥራት አለበት፤ የዕቃው እውነተኛ ፈተናም እዚያ ነው። የእኔ ክሬን ጭነት የሚያነሳው በዎርም፣ ማለትም እንደ ብሎን በተጠማዘዘ ጊር ነው። ዎርሙ ከባለ 57 ጥርሱ ጋር ሲገጥም 57 ዙር ሄዶ አንድ ዙር ይሰጣል፤ ሞተሩ ቢቆምም ጭነቱ ወደ ታች አይንሸራተትም። ቀኑን ሙሉ አንዴም አልከዳኝም። ያስቸገረኝ ሻፍቱ በቀጥታ በስሱ ብረት ቀዳዳ ውስጥ የሚዞርበት ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘይቱ ጠቆረ፤ ብረት ብረትን እየበላ ነበር ማለት ነው። አሁን ጭነት ያለበት ሻፍት ሁሉ ሁለት ብረት ተደርቦለት ወይም የናስ ቡሽ (ሻፍቱን የሚያቅፍ አጭር ቱቦ) ገብቶለት ነው የሚዞረው፤ ከዚያ ወዲህ ዘይቱ ንጹሕ ነው። በንዝረት የሚላላውን ብሎን ደግሞ አንዱን ዳዶ በሌላው ላይ ማጥበቅ ይበቃዋል። ከኢንተርኔት ሻጭ የገዛሁት ሞተር እኩለ ቀን ላይ እጅ የማያስነካ ሆኖ ጋለ፤ ባለ 12 ቮልት፣ የራሱ ካምቢዮ ያለው፣ ዝግ ብሎ የሚዞር ሞተር ተክቼበት ሰላም አገኘሁ።

ከሰዎቹ ያገኘሁት ትምህርት ከሳጥኑ ዋጋ በላይ ነው። ነባሮቹ ሠሪዎች ስንት ጊዜ ፈጀብህ ብለው አይጠይቁም፤ ጎንበስ ብለው የውስጡን ጊር ያያሉ፤ ከዚያ የብሎኖቹ ራስ ሁሉ ወደ ውጭ መሆኑን ይመለከታሉ። አንድ አዛውንት የራሳቸውን ሞዴል ጎን ፈትተው፣ ሻፍት እንዴት እንደሚደገፍ በጣታቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ወደፊት ሊንከንሻየር ውስጥ ስኬግነስ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሠሪዎች ለዓመታት የተሰባሰቡበትን ትልቁን ዐውደ ርዕይ ለማየት አስቤያለሁ።

የማልወድለት ነገር አለ። ቀለሙ በብሎን ራስ ሥር ይላጣል፤ ሮንዴላ ካላደረጋችሁ ሞዴሉን ስትፈቱ ክብ ጠባሳ ታያላችሁ። ስሶቹ ተጣጣፊ ሉሆች አንዴ እጥፋት ከያዙ ቀጥ ብለው አይመለሱም። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የድሮው የሜካኖ ብሎን 5/32 ኢንች ዊትዎርዝ፣ ማለትም በድሮው የእንግሊዝ የብሎን ጥርስ ልክ የተሠራ ነው። ከሱቅ የምትገዙት ኤም 4 (ባለ 4 ሚሊ ሜትር) ብሎን ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ሥራም ይሠራል፤ ግን ጥርሱ ስለሚለይ ዳዶውን ከድሮው ብሎን ጋር ካደባለቃችሁት ትንሽ ዞሮ ይነክሳል። ሁለቱን በተለያየ ቆርቆሮ አስቀምጡ።

አዲስ ሳጥን ልግዛ ለሚል፦ የቅርብ ጊዜዎቹ በአብዛኛው ለአንድ የተወሰነ ሞዴል የታሰቡ፣ ብዙ ፕላስቲክ ያለባቸው ናቸው። የሊቨርፑሉ ፋብሪካ በ1979 ተዘግቷል፤ የፈረንሳዩ የካሌ ፋብሪካም እንደሚዘጋ በ2023 ተነግሯል። ያገለገለ ስትገዙ ረጃጅሞቹን ብረቶች ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝታችሁ ቀጥነታቸውን እዩ፤ ሻፍቶቹን መስታወቱ ላይ አንከባሉ፣ የተጣመመው ይዘላል። ሻጩን መጀመሪያ ስለ ጊሮቹ ጠይቁት። ብረትና ብሎን በኋላም በርካሽ ይገኛል፤ ገንዘብ የሚበላው ናሱ ነው፤ ጊር የሌለው ሳጥን ከሆነ ግማሹን ዋጋ እንኳ አትክፈሉ።