የአሜሪካ ፌዴራል ዳኞች ማውጫ በዊልያም ሄስቲ ገጽ ሲፈተሽ

የአሜሪካ የፌዴራል ዳኝነት ማዕከል ድረ ገጽ ላይ ከ1789 ጀምሮ የተሾሙ ዳኞችን የሕይወት ታሪክ የያዘ ማውጫ አለ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ክፍያ የለውም። ጥራቱን ለማየት ግን ሥራቸው ቀጥ ባለ መስመር የሄደ ዳኛ መፈለግ አይረባም። ዊልያም ሄስቲ ይሻላሉ፤ ሁለት ጊዜ ዳኛ፣ በመሃሉ ከ1946 እስከ 1949 የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች አገረ ገዥ ነበሩ።

ገጻቸው ላይ ጎልቶ የሚታየው በሦስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያገኙት ሹመት ነው። እዚህ ላይ ማውጫውን የሚያህል የለም። ፕሬዚዳንት ትሩማን በኦክቶበር 1949 ሴኔቱ ዕረፍት ላይ ሳለ ጊዜያዊ ሹመት ሰጧቸው፤ ሴኔቱ ያጸደቀላቸው ግን በጁላይ 1950 ነው። «ሥራ የጀመሩት መቼ ነው?» የሚል ሰው ሁለት ዓመት የሚያገኘው ለዚህ ነው፤ ችሎት ላይ የተቀመጡበትን የፈለገ የመጀመሪያውን ይያዝ። ወንበሩ በሕግ አዲስ የተፈጠረ ስለነበር «63 ስታት. 493» የሚል ምልክት ተያይዞበታል፤ ይህም የሕጎች ስብስብ ቅጽ 63፣ ገጽ 493 ማለት ነው። ከ1968 እስከ 1971 ዋና ዳኛ መሆናቸውም እዚያው ሰፍሯል።

ችግሩ ያለው 1937 ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሄስቲ የቨርጂን ደሴቶች ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሲሆኑ የመጀመሪያው ጥቁር የፌዴራል ዳኛ ሆኑ። ማውጫው ግን ይህንን በዋናው የሹመት ክፍል አያስገባም፤ ራቅ ብሎ አንዲት አጭር መስመር ላይ ይተወዋል። ስህተት ግን አይደለም። ማውጫው የሚመዘግበው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 መሠረት የዕድሜ ልክ ሹመት ያላቸውን ዳኞች ነው፤ የደሴቶቹ ፍርድ ቤት የቆመው ደግሞ ኮንግረሱ ግዛቶችን በሚያስተዳድርበት ሥልጣን፣ በአንቀጽ 4 ነው። የዳኞቹም ዘመን የተገደበ ነው፤ ዛሬ 10 ዓመት ነው። አንዱ ጸሐፊ «የመጀመሪያው» የሚለውን 1937 ላይ፣ ሌላው 1949 ላይ ሲያደርገው ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ በማውጫው የፍለጋ ማጣሪያ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን 1937ን ጨርሶ አያገኘውም።

የሃዋዩ ሳንፎርድ ዶል ደግሞ ይብሳሉ። የግዛቱ የመጀመሪያ አገረ ገዥ ነበሩ፤ በ1903 ከዚያ ወርደው እዚያው የፌዴራል ወረዳ ዳኛ ሆኑ። ሃዋይ ያኔ እንደ ቨርጂን ደሴቶች በኮንግረሱ ሥልጣን ሥር ያለች ግዛት ስለነበረች ፍርድ ቤቷም በአንቀጽ 3 የቆመ አልነበረም፤ ስለዚህ እሳቸውን በዚህ ማውጫ መፈለግ ድካም ነው። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑትን ዊልያም ታፍትን ግን ያገኟቸዋል። የፊሊፒንስ ገዥ ከመሆናቸው በፊት የይግባኝ ዳኛ፣ ኋላም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ነበሩና።

መረጃውን አውርዶ መሥራት ለሚሻ በሲኤስቪ እና በኤክሴል ተዘጋጅቷል። ሁሉን በአንድ የያዘው ፋይል ለአንድ ዳኛ እስከ ስድስት ሹመት የሚሆን ዓምድ ይደጋግማል፤ የሥራ ታሪካቸውን ደግሞ አንድ ሕዋስ ውስጥ ያጭቀዋል። «አገረ ገዥ» የነበሩትን ለመለየት የሥራ ታሪኩን ለብቻው የያዘውን ፋይል ይውሰዱ፤ እዚያ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ረድፍ አለው። ሌላም ጣጣ አለ፦ ኤክሴል ከ1900 በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አይቆጥርም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደውና ቅደም ተከተሉን ያመሰቃቅላል። ዓመቱን ለብቻው አውጥቶ በቁጥር መደርደር ይሻላል።

ማውጫው ምክንያት አይነግርም። ሄስቲ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን እንደሆኑ (1939–1946) የጦር ሚኒስትሩ አማካሪም ስለነበሩ ዓመቶቹ ይደራረባሉ፤ ፈቃድ ወስደው መሄዳቸውን ያላወቀ አንባቢ የጽሕፈት ስህተት ይመስለዋል። በ1943 መጀመሪያ ከጦር መሥሪያ ቤቱ የለቀቁት በአየር ኃይሉ የነበረውን የዘር ልዩነት በመቃወም ነው፤ የሥራ ዝርዝሩ ላይ ግን መነሻና መድረሻ ዓመት ብቻ አለ። ለዚህ የግል ወረቀቶቻቸው የሚገኙበትን የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማንኳኳት ያስፈልጋል።